ቦይለር ወይስ ፀሐይ፣ ቬንትሌተር ወይስ ኤሲ፦ ቤት ለሚያሠራ ሰው

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴ ከዳላስ ደወለልኝ። አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ቤት እያሠራ ነው። «ለመኝታ ክፍሎቹ በሙሉ ኤሲ ከዚህ እልካለሁ፤ ቦይለሩም ትልቁ ይሁን» አለኝ። ቆይ፣ ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ አልኩት። አዲስ አበባ ሳለህ ሙቀት ከእንቅልፍህ የቀሰቀሰህ መቼ ነው? ሳቀ። ብርድ ልብስ ደርቦ ያደገ ልጅ ነው።

በዚያ ላይ የአሜሪካ ዕቃ የሚሠራው ለ60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። የግድግዳው ሶኬትም እነሱ ጋ 120 ቮልት፣ እኛ ጋ 220 ነው። ሻንጣ ሙሉ ዕቃ መጥቶ ስቶር ውስጥ የቀረበት ቤት ስንት አለ!

የእሱ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለሆነ የነገርኩትን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ከፍታውን

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሚያወራችሁ ስለ ዋትና ስለ ሊትር ነው። ከዚያ በፊት ግን ቤቱ ያለው ደጋ፣ ወይና ደጋ ወይስ ቆላ የሚለው መመለስ አለበት። አያቶቻችን እህል የሚመርጡበት ክፍፍል ለቤት ዕቃም ይሠራል። ሺህ ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በግምት 6 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ሰመራና ጋምቤላ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይወርዳሉ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ዋናው ወጪ ሙቅ ውሃ ነው። ድሬዳዋ ላይ ዋናው ወጪ ማቀዝቀዣ ነው። የአንዱን ከተማ ምክር ለሌላው መስጠት ገንዘብ ማባከን ነው።

የአየር ንብረትን የሚጎዳው ካርቦንስ? እዚህ ላይ አገራችን ለየት ትላለች። ከመስመር የምናገኘው ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የውሃ ኃይል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ወደዚያው ያዘነብላል። ስለዚህ የእኛ ቤት ጭስ ከሶኬቱ አይደለም የሚመጣው። ከጄኔሬተሩ፣ ከከሰሉና፣ ብዙ ሰው ከማይጠረጥረው ከኤሲው ጋዝ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ። መብራቱ ንጹሕ ነው ማለት ግን ነፃ ነው ማለት አይደለም። የፍጆታ መጠን ባደገ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ታሪፉ ራሱ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው። ካርድ የምትሞሉ ሰዎች እኔ ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሙቅ ውሃ፦ አራት ምርጫ

ሒሳቡን አንድ ጊዜ እንሥራው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይቀላል። አንድ ሰው በ40 ሊትር ውሃ ሻወር ወሰደ እንበል። ውሃው ከሮቶ ሲመጣ 18 ዲግሪ ነው፤ የሚፈለገው 40 ነው። ለዚህ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። አራት ሰው በየቀኑ ከታጠበ በቀን 4፣ በወር 120 ማለት ነው። ለአንድ ቤት ቀላል ቁጥር አይደለም።

ቦይለር ሁላችንም የምናውቀው ነው። ችግሩ ያለው አጠቃቀማችን ላይ ነው። ጠዋት ተከፍቶ ማታ የሚረሳ ቦይለር ማንም ሳይታጠብበት በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት በቆዳው በኩል ያባክናል። አንድ ሰው የሚታጠብበት መሆኑ ነው። ትልቅ ሲሆን ደግሞ ብክነቱም ይብሳል። ሁለት ሰው ለሚኖርበት ቤት 100 ሊትር የሚያስገቡ አሉ፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ለሁለት ሰው 50፣ ለአራት ሰው 80 ይበቃል። ከብሬከሩ አጠገብ ታይመር አስገቡበትና ከመታጠቢያችሁ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይነሳ። ሙቀቱን 60 ላይ አድርጉት። ከዚያ በጣም ዝቅ ካለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ላይ የሚጋገረው ነጭ ኖራ ይፈጥናል። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰፈር ይህን ያውቀዋል። ታንኩን ከዝገት የምትጠብቀው፣ ውስጡ ያለችው የማግኒዥየም ዘንግ በየሁለት ዓመቱ ብትታይ ታንኩ ዕድሜው ይረዝማል። ሳኒታሪ ሠራተኛው ካልተጠየቀ አያነሳውም።

ሻወሩ ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ ውሃ አያጠራቅምም፤ ስለዚህ ተቀምጦ የሚባክን ነገር የለውም። በዋጋም ርካሹ ነው። ግን 3.5 ኪሎዋት የሆነው በደቂቃ ከ2 ሊትር ትንሽ በላይ ብቻ ነው የሚያሞቀው። ከሱ ሥር መቆም ትዕግሥት ይፈልጋል። 5.5 ኪሎዋት የሆነው 3.6 ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ ነገር ግን 25 አምፔር ይጎትታል። ለአምፖልና ለሶኬት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህን ማንጠልጠል እሳት መጥራት ነው። የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ይኑረው። ሌላም የማይነገር ችግር አለ። መሣሪያው የሚነሳው በውሃ ግፊት ነው። ሮቶው ከሻወሩ በላይ ሦስት ሜትር ብቻ ከሆነ ግፊቱ 0.3 ባር ነው። የላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ሻወር አልነሳ ሲል ዕቃውን የሚረግም ሰው ብዙ ነው። ዕቃው ግን አላጠፋም፤ ሮቶው ነው ዝቅ ያለው።

በነገራችን ላይ ምጣድና ሻወር አብረው አይሄዱም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። እንጀራ እየተጋገረ አንዱ ሻወር ሲገባ ቤቱ በሙሉ ጨለማ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን «ዱድ ሸሜሽ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት ያለ ፀሐይ ማሞቂያ እንዳይሠራ በሕግ ተደንግጓል። የእኛ ፀሐይ ከነሱ አታንስም። ክረምት ላይ ዳመናው ያዳክማታል፤ በጋ ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ይላል። ብርዱ የሚጠናውም በጋ ስለሆነ ነገሩ የተገጣጠመ ነው። ጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የፀሐይ ሙቀት ሰብሳቢ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይበል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ያለችው በደቡብ በኩል ነው፤ ዝናቡም አቧራውን አጥቦት ይወርዳል።

ፀሐይን የመረጠ ሰው ሌላ ምርጫ ይጠብቀዋል፦ የመስታወት ቱቦ ወይስ ጠፍጣፋው? ገበያው ላይ በብዛት የሚታየው ቱቦው ነው። በብርድም በደንብ ያሞቃል። እኔ የገጠምኩትም እሱን ነበር። ታዲያ በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ሁለት ቀን ጠፋና ሮቶው ባዶ ሆነ። ቱቦዎቹ ባዶአቸውን ፀሐይ ላይ ሲጠበሱ ዋሉ። ልክ በእኩለ ቀን ውሃ መጣ። ጣ! ጣ! የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሁለቱ ተሰንጥቀዋል። የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባበት ምን እንደሚሆን የገጠመልኝ ሰው አልነገረኝም ነበር። አሁን ውሃ ከጠፋ መግቢያውን እዘጋለሁ፤ የምከፍተው ማታ ነው። በረዶ ሲጥልም ልቤ አብሮ ይመታል።

ጠፍጣፋው ጠንካራ መስታወት ስላለው በረዶን በተሻለ ይችላል፤ ባዶውን ቢውልም እንደ ቱቦው ቶሎ አይሰነጠቅም። ድክመቱ ውርጭ ነው። ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ቧንቧውን ያፈነዳዋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙም አያሰጋም። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ በኅዳር የሚጥለውን ውርጭ የባቄላ ገበሬ ይንገራችሁ። እዚያ ቱቦው ይሻላል። ለአዲስ አበባ፣ ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ የእኔ ድምፅ ለጠፍጣፋው ነው።

የትኛውንም ብትገጥሙ የሮቶው መቆሚያ ከፀሐይ ማሞቂያው ታንክ ከፍ ይበል። ውሃው የሚገባው በራሱ ክብደት ነው። መቆሚያውን የሚበይደው ብረታ ብረት ሠራተኛ ይህን ካላወቀ በኋላ ቆርጦ መቀጠል ይመጣል። ቧንቧውም ለሙቅ ውሃ የተሠራው ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ ይሁን። ፀሐይ በጠራ ቀን ውሃውን ከ80 ዲግሪ በላይ ልታደርሰው ትችላለች። ልጅ ባለበት ቤት ቀዝቃዛና ሙቅ የሚቀይጥ ቫልቭ ግድ ነው። አብሮት የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከፍቶ መተው የለም። እንደሱ ካደረጋችሁ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ቦይለር ነው የገዛችሁት።

አራተኛው ሂት ፓምፕ ነው። ከአየሩ ውስጥ ሙቀት ለቅሞ ወደ ውሃው ያስገባል፤ እንደ ፍሪጅ የተገላቢጦሽ። በ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3 ያህል ሙቀት ይሰጣል። የአዲስ አበባ አየር ለሱ ተስማሚ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ግን ዋጋው ይከብዳል፤ የሚጠግነውም ሰው ገና ጥቂት ነው። ነገሩ የሚለወጠው ሆቴል ሲሆን ነው። 40 ክፍል ያለው ሆቴል ለየክፍሉ በቀን 80 ሊትር ውሃ እስከ 60 ዲግሪ ያሞቃል እንበል። በተራ ሬዚስታንስ በቀን 156 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በሂት ፓምፕ 52 አካባቢ ይሆናል። በናፍጣ ቦይለር ከሆነ ደግሞ በየቀኑ 18 ሊትር ናፍጣ፣ ማለትም 50 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሆቴል፣ ክሊኒክ ወይም ጂም የምትሠሩ ሰዎች ይህን ሒሳብ ለመሐንዲሳችሁ አሳዩት።

ለተከራየ ወይም ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጣሪያው የሱ አይደለም። ታይመር ያለው 50 ሊትር ቦይለር ይበቃዋል፤ ብዙ አያስብ።

ማቀዝቀዣ፦ ኤሲ የመጨረሻው ነው

አዲስ አበባ ላይ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። አማካይ ሙቀቱ 16 ዲግሪ በሆነ ከተማ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ ሕንፃ ሠርቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሞቀኝ ብሎ ኤሲ መክፈት። ወደ ምዕራብ የሚያይ መስታወት ከ9 ሰዓት በኋላ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎዋት ያህል ሙቀት ያስገባል። 4 ካሬ ሜትር ሲሆን ክፍሉ ውስጥ 2 ኪሎዋት ምድጃ ለኩሶ እንደመቀመጥ ነው። ያንን ምድጃ ለማጥፋት ሌላ ማሽን እንገዛለን።

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በሚያዝያ 6 እና በነሐሴ 22 አካባቢ የአዲስ አበባ ፀሐይ በእኩለ ቀን ልክ አናታችን ላይ ናት። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ ያለ መስኮት ከላይ በሚወጣ አጭር ጥላ ይሸፈናል። በምሥራቅና በምዕራብ ያለው ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በፊት ለፊት ስለምትገባ ጥላው አይረዳውም። ቤቱን ስታስነድፉ ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሁን። በምዕራብ በኩል ደረጃውን፣ መታጠቢያውን፣ ስቶሩን አድርጉ። ወረቀት ላይ እያለ ይህ ምንም ወጪ የለውም። መሬቱ ካልፈቀደ ደግሞ ጥላው ከውጭ ይሁን፤ ዛፍ፣ ሸንበቆ፣ ተዘዋዋሪ መዝጊያ። መጋረጃ ዘግይቷል፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል።

ቆላ ሲሆን ነገሩ ከባድ ነው፤ ማንም ሰው ሰመራ ላይ ሆኖ መስኮት ክፈት ቢለኝ አልሰማውም። ቢሆንም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ጣሪያው። ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ቀን ምጣድ ነው። ነጭ ቀለም፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር የሚያሳልፍ ክፍተት፣ ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የቆዩትን የባቡር ዘመን ቤቶች ተመልከቱ፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ በረንዳ፣ ደጅ ላይ ዛፍ። ኤሲ ሳይኖር ነው የተኖረባቸው።

ቀጥሎ የጣሪያ ቬንትሌተር። ከ50 እስከ 75 ዋት ብቻ ይበላል። አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ሰውን ነው የሚያቀዘቅዘው። ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል የሚሽከረከር ቬንትሌተር ትርፉ የቆጣሪ ካርድ መጨረስ ነው።

ኤር ኩለርና ኤሲ የሚለዩት በእርጥበት ነው። ኤር ኩለር ውሃ አትንኖ ስለሚያቀዘቅዝ ደረቅ አየር ይፈልጋል። ድሬዳዋና ሰመራ ላይ በደረቁ ወራት ጥሩ ይሠራል፤ ከ100 እስከ 200 ዋት ነው የሚወስደው። መስኮት ገርበብ ብሎ መከፈት አለበት። ዘግቶ የሚጠቀም ሰው ክፍሉን ሳውና ያደርገዋል። በሰዓት ጥቂት ሊትር ውሃ ስለሚጠጣም፣ ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ሒሳቡ ይገለበጣል። ጋምቤላ በዝናብ ወራት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም፤ አየሩ አስቀድሞ ረጥቧል። እዚያ ለመኝታ ክፍል ኤሲ መግዛት ቅንጦት አይደለም።

ኤሲ ስትገዙ ኢንቨርተር የሆነውን ግዙ። ተራው ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል። ኢንቨርተሩ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ ይቀጥላል፤ ሲነሳም ቮልቴጁን እንደ ተራው አይጥለውም። ከዚያ ዕቃው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡና የጋዙን ስም እዩ። መብራታችን ንጹሕ ስለሆነ የኤሲው ትልቁ የአየር ንብረት ጉዳት ያለው ጋዙ ውስጥ ነው። አር410ኤ የሚባለው አንድ ኪሎ አየር ላይ ቢለቀቅ ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ይቆጠራል። ከ700 ሊትር በላይ ናፍጣ ማቃጠል ማለት ነው፤ አንድ የመኝታ ቤት ኤሲ አንድ ኪሎ ገደማ ይይዛል። አር32 ወደ 675 ይወርዳል። ፕሮፔን የሆነው አር290 ከሁሉም ያንሳል፤ ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። አር22 ከሆነ ዕቃው አሮጌ ነው፤ ቢረክስም አትንኩት።

«በየዓመቱ ጋዝ ይሞላል» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ አሰናብቱት። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ገንዘባችሁንም ጋዙንም አየር ላይ መበተን ነው።

የሌሊት ብርድ

ለአዲስ አበባ ብርድ ከሰል ቤት ውስጥ ማስገባት ጨርሶ መቅረት አለበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ዜና በየዓመቱ እንሰማለን። ስለ ቁጠባ ከማውራታችን በፊት ይሄ ነው። የቀረው ቀላል ነው። የበርና የመስኮት ክፍተቱን በላስቲክ ድፈኑ፤ ከሰዓት የገባችው ፀሐይ ክፍሉ ውስጥ እንድታድር ማታ ወፍራም መጋረጃ ሳቡ። አሁንም ከበረዳችሁ የዘይት ራዲያተር ለአንድ ክፍል ለአንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሕፃን ወይም አዛውንት ያለበት ቤት በየሌሊቱ የሚሞቅ ከሆነ ብቻ፣ የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ኢንቨርተር ኤሲ ዋጋውን ይመልሳል። በራዲያተሩ ሢሶ መብራት ያንኑ ሙቀት ይሰጣል።

መብራት ሲጠፋ

ጄኔሬተር ሲሸጥ የሚነገረው ጉልበት የባሕር ዳርቻ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከአምስት አንድ እጅ ያህል አቅሙን ያጣል። አምስት ኪሎዋት የተባለው አራት ነው። ናፍጣው ለሚሰጠው ለያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ጎረቤት ላይ የሚያወርደው ጩኸት ሳይቆጠር።

ለተራ ቤት ጥያቄው ምን መሥራት አለበት የሚለው ነው። ፍሪጅ፣ ጥቂት አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ ለአራት ሰዓት 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢፈልጉ ነው። ይህን ባትሪና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው ኢንቨርተር በጸጥታ ይሸከሙታል። ባትሪው የእርሳስ ከሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፤ ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓቱ ሥራ ላይ የሚውለው 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሲገዛ ይወደዳል፤ ግን ከ80 በመቶ በላዩን ያስጠቅማል፣ ዕድሜውም በብዙ ይረዝማል። ገንዘቡ ካለ ሊቲየሙን እላለሁ። ምጣድን፣ ቦይለርንና ሻወርን ግን ከዚህ መስመር አርቁ። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ረጅም የሆነበት ሰፈር ካላችሁ ያን ጊዜ ጣሪያ ላይ ሶላር ጨምሩ፤ መብራት በማይቆራረጥበት ሰፈር ፓነል ለመግዛት አትቸኩሉ።

ዘመዴ በመጨረሻ ኤሲዎቹን ተወ። በምዕራብ በኩል ያሉት ሁለት መስኮቶች ጠበቡ። ለፀሐይ ማሞቂያው ከጣሪያ እስከ መታጠቢያ ቤት የሚወርደው ቧንቧና ለባትሪው መስመር የሚሆነው ኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) ልስን ከመመታቱ በፊት ግድግዳው ውስጥ ገቡ። ጠፍጣፋውን ማሞቂያ ራሱን ገና አልገዛውም፤ ገንዘቡ ሲደርስ ይገዛዋል። ቧንቧው ግን ተቀብሮ ይጠብቀዋል።